የሲስተር ሽታዬ አፍ

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ ዘመን እንዳይመስላችሁ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን በኪሱ ይዞ በሚዞርበት ወቅት፣ በአንዲት ብርዳም ከተማ ቤተ ምስጋና የሚባል የአረጋውያን መጦሪያ ነበረ። በሩ ላይ «እናቶችና አባቶች በክብር የሚጦሩበት ቤት» የሚል ታፔላ ተሰቅሏል። ታፔላውን በየሳምንቱ የሚወለውል ዘበኛ ነበረ። ከታፔላው ጀርባ የተኙትን አሥራ ዘጠኝ ሰዎች የምታጥብ፣ የምታጎርስና የምታገላብጥ ግን አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

በዚያ አገር ደህናው ዕቃ የሚቀመጠው ለእንግዳ ነው። ደህናው ብርጭቆ፣ ደህናው ሰሃን፣ ደህናው ብርድ ልብስ ለእንግዳ ይቀመጣል፤ የቤቱ ሰው በተሸረፈው ይጠጣል። በሰው ቤት ሲሆን ይህ ጨዋነት ይባላል። ቤተ ምስጋናም የእንግዳ አንሶላ ነበረው። ጠርዙ በነጭ ክር የተጠለፈ፣ ናፍታሌን የሚሸት፣ በሥራ አስኪያጇ በወይዘሮ ፀዳለ ቢሮ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቆለፍ አንሶላ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይወጣል፤ አሥራ ዘጠኙም አልጋ ይለብሳል፤ ክፍሉ ሽቶ ይረጫል። ተቆጣጣሪው ሲሄድ አንሶላው ከሽማግሌዎቹ ሥር ተስቦ ይወጣና ተመልሶ ይቆለፍበታል። ከሥሩ የነበረውን ላስቲክ ስሙን ባልጠራው ይሻላል። ዳይፐር በቀን ሁለት ነው፤ ሦስተኛ ያስፈለገው ሰው በሁለተኛው ላይ ይታገሳል።

በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው አልጋ ላይ የምትተኛዋ ሲስተር ሽታዬ ትባላለች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ነርስ ሆና አገልግላለች፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ አንዱን ዓመት የክፍል ኃላፊ ነበረች። በደህናው ዘመኗ ጠዋት ጠዋት ክፍሏን ስትዞር መዳፏን በየበሽተኛው አንሶላ ላይ ታሳልፍ ነበር። አንዲት እጥፋት ካገኘች ነርሷን ታስጠራለች። «ይቺ እጥፋት ነገ ቁስል ናት» ትላታለች። ተማሪዎቿ ከኋላዋ «እጥፋት መጣች» ይባባሉ እንደነበር ታውቃለች፤ አልተቀየመችም። በእሷ ክፍል በተኛበት የቆሰለ ሰው አልነበረም።

አልወለደችም። ባሏን ከቀበረች ቆየች። በሰባ ስድስት ዓመቷ ደም ግፊት ጣላትና ቀኝ ጎኗ ሞተ፤ ንግግሯም አብሮ ሄደ። አንዲት ቃል ብቻ ተረፈችላት፤ ተመስገን የምትል።

ሐሳቧ ሙሉ ነው። የመድኃኒቱን ስም ከነመጠኑ ታስታውሳለች። ነገር ግን ቃሉ አፏ ላይ ሲደርስ ሁሉም ያንኑ አንድ ልብስ ለብሶ ይወጣል። ውኃ ልትል ትነሣና ተመስገን ትላለች። ጀርባዬን ልትል ትነሣና ተመስገን። እናንተ እርጉሞች ልትልም ትነሣና፣ ያው ተመስገን። በሽታው እንደዚህ እንደሚያደርግ ታውቃለች፤ በሌሎች ላይ አይታዋለች። አንድ ነጋዴ በእሷ ክፍል ሲታከም ስድብ ብቻ ቀርቶለት ነበር፤ ለሐኪሙም ለሚስቱም ለቄሱም ያችኑ ስድብ ይሰጥ ነበር። ያኔ አዝናለት ነበር። አሁን ትቀናበታለች።

ለነጋዴው ቢያንስ ሰው ይደነግጥለት ነበር። ተመስገን በሚል ሽማግሌ ማን ይደነግጣል? እንዴት አደሩ ሲባል ተመስገን የማይል የት አለ? ጉበቱ ያበጠውም ተመስገን ነው፤ ልጁን የቀበረውም ተመስገን ነው። አሥራ ስምንቱ በጨዋነት የሚሉትን እሷ በበሽታ ትለዋለች። ስለዚህ መናገር እንደማትችል በቤቱ ውስጥ ያወቀ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ወይዘሮ ፀዳለ ለሌሎቹ ምሳሌ ታደርጋት ነበር። «ሲስተርን እዩ፤ ተምራ፣ ኃላፊ ሆና፣ አንድ ቀን አማርራ ታውቃለች? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

ዝንቡ የሚገባበት ሌላ ቦታ አግኝቶ ነበር።

ቁስሉ የጀመረው ቤቱ በገባች በሦስተኛው ወር ነው፤ ከወገቧ ግርጌ፣ አጥንቱ ቆዳውን በሚነካበት ቦታ። የመኝታ ቁስል አራት ደረጃ አለው፤ ይህን ስንት ጊዜ አስተምራለች። መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ይላጣል፣ ቀጥሎ ይቦረቦራል፣ በመጨረሻ አጥንት ይታያል። አንዱን ደረጃ ከሌላው ለመለየት ማየት አላስፈለጋትም፤ ደረጃ የሚወጣ ሰው ኮቴ እንደሚሰማ ሰው በገዛ ሥጋዋ ላይ ቆጠረችው። ከዚያ ሽታው መጣ። እናቷ ሽታዬ ያለቻት የአራስነት ጠረኗ ደስ ቢላት ነበር። እናቷ በሕይወት አለመኖሯ ደግ ሆነ።

አሁን ለዚህች ሴት መዳንም መጥፋትም ምክንያት የሆኑትን ሦስት ሰዎች ልንገራችሁ። አንዷ እጅ ነበራት፣ አንዱ ብዕር፣ አንዱ ጆሮ።

እጅ የነበራት ትርንጎ ናት፤ የአሥራ ዘጠኙ ሰዎች ብቸኛ አስታማሚ። የትርንጎ እጅ የተባረከ ነበር። ሰው ስታነሣ ትከሻውን በአንድ ክንዷ፣ ዳሌውን በሌላው ትይዝና ያለ ጭንቅ ታዞረዋለች፤ ሽታዬ ራሷ ካሠለጠነቻቸው ውስጥ እንዲህ ያለ እጅ ሁለቴ ብቻ ነው ያየችው። ግን ከእያንዳንዱ አልጋ ራስጌ የማገላበጫ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በየሁለት ሰዓቱ «ተገላብጧል» ተብሎ ይፈረምበታል። ትርንጎ አንድ ሰው ዘንድ የምትደርሰው በቀን ሁለቴ ነው፤ የምትፈርመው ግን አሥራ ሁለቴ ነው። ጠዋት እንደገባች ብዕሯን ይዛ ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞረች የሙሉ ቀኑን ትፈርማለች። ስትፈርም የበሽተኛውን ፊት አታይም። አንድ ቀን ብቻ ወደ ሽታዬ ጎንበስ ብላ፣ «ሲስተር፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ያለኝ ሁለት እጅ ነው» አለቻት። ሽታዬ «ተመስገን» አለቻት። ትርንጎ ይቅር የተባለች መስሏት እፎይ ብላ ሄደች።

ብዕር የነበረው አቶ ደረበ ነው፤ ከከተማው መሥሪያ ቤት የሚላክ ተቆጣጣሪ። ቤት ማዘጋትም ማስከፈትም የሚችል ፊርማ ነበረው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጨዋ ነበር፤ ጥፋቱም እዚያው ላይ ነው። ሰው ቤት ሳይናገሩ መግባት ነውር ስለሆነ ከመምጣቱ አንድ ቀን አስቀድሞ ይደውላል። ሰው ተኝቶ ሳለ ልብሱን መግለጥ ነውር ስለሆነ አይገልጥም። ከአልጋው ግርጌ ይቆምና ቅጹን ያነባል። «እማማ፣ እንክብካቤው እንዴት ነው?» «ተመስገን።» ጥሩ ብሎ ይጽፋል። «በየጊዜው ያገላብጡዎታል?» «ተመስገን።» አዎ ብሎ ይጽፋል። «ቅሬታ ይኖርዎታል?» በዚህኛው ጥያቄ ላይ ሽታዬ አንገቷን ከትራሱ ነቅላ፣ የደም ሥሯ እስኪገተር፣ ያላትን ቃል ትጮኸዋለች። «በጣም አመስጋኝ ናቸው» ይላል አቶ ደረበ ወደ ወይዘሮ ፀዳለ ዞሮ፤ ይፈርማል። ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ እንዲሁ ፈረመ።

ጆሮ የነበራቸው ጋሽ ባንጃው ናቸው። ስኳር ዓይናቸውን የወሰደባቸው የድሮ መካኒክ ናቸው፤ የወንዶቹን ክፍል ከሴቶቹ ከሚለየው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ወዲያ ማዶ ይተኛሉ። በጊዜያቸው ኮፈኑን ሳይከፍቱ የሞተሩን በሽታ በድምፁ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ግን ሆዳቸው ከጆሮአቸው ይበልጥ ነበር። ጠዋት ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይሰጣል። ጋሽ ባንጃው የራሳቸውን ጨርሰው፣ በበትራቸው እየዳበሱ ወደ ሽታዬ አልጋ ይመጣሉ። «እታለም፣ ትበይዋለሽ ወይስ ላግዝሽ?» «ተመስገን።» «እግዜር ይስጥልኝ።» የቆሰለ ሥጋ የሚሞላው በእንቁላልና በወተት እንደሆነ ለስንት ተማሪ እንዳስተማረች እያስታወሰች፣ አስኳሉ ጺማቸው ላይ ሲንጠባጠብ ታያለች። ሲጨርሱ ትራሷን መታ መታ አድርገው ይመርቋታል።

እንዲህ ሆኖ ወር አለፈ። ከዚያ አንድ ጠዋት ጋሽ ባንጃው እንቁላሉን ልጠው፣ ወደ አፋቸው አድርሰው፣ ቆሙ።

«እታለም» አሉ፣ «አሁን ያልሽውን ድገሚልኝ።»

«ተመስገን» አለች።

«ትናንት ውኃ ስትፈልጊ ያልሽው እንዲህ አልነበረም። ያኛው ከላይ ነው የሚነሣው። ይኼኛው ከሥር ነው፤ ይነክሳል።» ጆሮአቸውን ወደ አፏ አስጠጉ። «አንቺ ሴት፣ ሌላ ቃል የለሽም እንዴ?»

ሽታዬ አለቀሰች። ከታመመች ወዲህ ይህን የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ባንጃው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲህ ልጠይቅሽ፤ እንቁላሉን በበላሁ ቁጥር ስትዪኝ የነበረው ተመስገን ምን ማለት ነበር?» አሉ።

በዚያችው ቃል ነገረቻቸው። ሰሙት። እንቁላሉን ሰሃኑ ላይ አስቀመጡና እጃቸውን በካፖርታቸው ጠረጉ።

በማግስቱ የተቆጣጣሪ ቀን ነበር። አንሶላው ወጥቷል፣ ሽቶው ተረጭቷል። ወይዘሮ ፀዳለ በየአልጋው እየዞረች፣ «እናቶቼ፣ አደራ፣ ተንቀሳቅሳችሁ እንዳታበላሹት» ትላለች። አቶ ደረበ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ገባ። ከሽታዬ አልጋ ግርጌ ቆሞ ቅጹን ከፈተና እንደልማዱ ጠየቃት። እንደልማዷ መለሰችለት። ብዕሩ ወረቀቱን ሊነካ ሲል ነው ሦስቱ ነገሮች የሆኑት።

መጀመሪያ ጆሮ ሠራ። ጋሽ ባንጃው በበትራቸው ኮምፔንሳቶውን እየመቱ ገቡ። «አትጻፍ» አሉ። «አላመሰገነችም። ቃል ጠፍቶባት ነው እንጂ እየጮኸች ነው፤ ጀርባዋን ነው የምትለው።» ወይዘሮ ፀዳለ ሳቅ ብላ፣ «አባባ ዓይናቸውን ካጡ ወዲህ ትንሽ ይዘባርቃሉ» አለች። ጋሽ ባንጃው ወደ ድምፁ ዞሩ። «የዚህችን ሴት እንቁላል ወር ሙሉ የበላሁት እኔ ነኝ። ሌባ በዪኝ፣ ልክ ነሽ። ዕብድ ግን አይደለሁም።» በቤቱ ውስጥ ስለ ራሱ እውነት ሲናገር የተሰማ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ባይናገሩ ብዕሩ ወረቀቱን ነክቶ ነበር፤ ሽታዬም አራተኛ ፊርማ ተፈርሞባት ትቀር ነበር።

ቀጥሎ እጅ ሠራ። ወይዘሮ ፀዳለ፣ «ትርንጎ፣ ሰሌዳውን አሳዪያቸው» አለች። ሰሌዳው ገና በረፋዱ እስከ ማታ ድረስ ተፈርሞ አልቋል። አቶ ደረበ አይቶም አላስተዋለም። ትርንጎ ሰሌዳውን ከምስማሩ አውርዳ ወለሉ ላይ ጣለችው። «የፈረምኩት ውሸት ነው» አለች። «ሁሉንም ጠዋት ነው የፈረምኩት።» ከዚያ የእንግዳውን አንሶላ ገለጠች፤ በዚያ በተባረከ እጇ ሽታዬን ሳያማት በጎኗ አዞረቻትና ጀርባዋን ለሰው ሁሉ አሳየች። ጡጫ የሚያስገባ ጉድጓድ ነበር። ግርጌው ላይ ነጭ ነገር ይታያል፤ አጥንት ነው። ሽቶው በአንድ ትንፋሽ ተሸነፈ። ትርንጎ በዚያች ደቂቃ እንጀራዋን አጣች፤ ወይዘሮ ፀዳለ በሩን አሳየቻት፤ እሷ ግን የሽታዬን ትከሻ አልለቀቀችም። እሷ ባትገልጥ የጋሽ ባንጃው ቃል የዕውር ቅዠት ተብሎ በቀረ ነበር።

በመጨረሻ ብዕር ሠራ። አቶ ደረበ ወደ መስኮቱ ሮጦ አስመለሰው። አፉን ጠርጎ ተመለሰ። ከቦርሳው የቀድሞዎቹን ሦስት ቅጾች አወጣና በእያንዳንዱ ላይ «ይህን የጻፍኩት ሳላይ ነው፤ ሐሰት ነው» ብሎ በገዛ ስሙ ፈረመ። ይህን የሚጽፍ ሰው ሥራው ላይ እንደማይቆይ ያውቃል፤ አልቆየምም። በዚያው ብዕር ወይዘሮ ፀዳለን ከሥራ አገደ፤ ቢሮዋን ከነቁም ሳጥኑ አሸገ፤ ሐኪም አስጠራ። እሱ ባይጽፍ አንሶላው ተመልሶ በተሸፈነ፣ ትርንጎ ተባርራ በቀረች፣ ጋሽ ባንጃው ዝም በተባሉ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ሌላ አስታማሚ ብዕሯን ይዛ ከአልጋ ወደ አልጋ በዞረች ነበር።

ቤቱን ለጊዜው የከተማው ሽማግሌዎች ተረከቡት። መጀመሪያ ያወጡት ደንብ ይህ ነው። መናገር የማይችል ነዋሪ ሁሉ አንድ ተጠሪ ይኖረዋል። ስለ እሱ የሚናገረው፣ የት እንደሚተኛ፣ ማን እንደሚነካው፣ ምን እንደሚደረግለት የሚወስነው ያ ሰው ነው። ተጠሪ አፍ ነው። ቅጹ ላይ ለተጠሪው ስም የተተወው አንድ መስመር ብቻ ነበር።

የሽታዬ መስመር ባዶውን ሊቆይ አልቻለም፤ ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ እንዲህ ብሏልና። «አጥንት ነክቷል። ትልቁ ሆስፒታል ሄደው ቢቀደዱና ቁስሉ ቢጠረግ ሊድኑ ይችላሉ፤ መንገዱ የሰባት ሰዓት ነው፣ ልባቸውም ደካማ ነው፤ ወይ ይተርፋሉ ወይ አይተርፉም። ሳይሄዱ በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጣቸውና በደንብ የሚያበላቸው ካገኙ ቁስሉ በዓመት ሊሞላ ይችላል። ወይም ወደ ደም ይገባና ያበቃል። በዚህ ሳምንት ይወሰን።»

ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ረፋድ ላይ በአልጋዋ ዙሪያ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። ተጠሪ ልሁን ብለው የቀረቡት ሦስት ናቸው። እናንተም የትኞቹ ሦስት እንደሆኑ ታውቃላችሁ።

ትርንጎ ተናገረች። «ሲስተር እኔ ቤት ይምጡ። አንዲት ክፍል ናት፤ ትበቃናለች። ሲስተርን ለሐኪም ቢላ አልሰጥም። አሥራ ዘጠኝ ሰው ያነሣ እጅ አንድ ሰው አያቅተውም።»

«ሰሌዳም ትሰቅያለሽ?» አሉ ጋሽ ባንጃው።

«እሰቅላለሁ፤ እርስዎ እየመጡ ያነቡልኛል» አለቻቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

አቶ ደረበ ተናገረ። «ሲስተር ሆስፒታል ይሂዱ። አጥንት የነካ ቁስል በእጅ ብቻ አይድንም። አልጋ ማስያዝ፣ አምቡላንስ ማስመጣት፣ በሐኪሙ በር ላይ ቆሞ ጉዳይ ማስፈጸም አውቅበታለሁ። ሥራ የለኝም፤ ከአጠገባቸው አልለይም። በሩን የሚከፍተው ወረቀት ነው።»

«ወረቀትዎ ሦስቴ ዘግቶባቸዋል» አለች ትርንጎ።

«ዘግቷል» አለ። «ለዚህ ነው አራተኛውን እኔ መያዝ ያለብኝ።»

ጋሽ ባንጃው ተናገሩ። «እዚሁ ትቆይ። አዲስ አስታማሚዎች ቀጥራችኋል፤ በየሰዓቱ እየሰማሁ እጠራቸዋለሁ። የምትለውን የሚለይ ሌላ ሰው ካለ አምጡና እኔ ልቀመጥ። ካልሆነ እንደ ሻንጣ ጭናችሁ ትወስዷታላችሁ፤ ደህና ነሽ ወይ ትሏታላችሁ፤ ተመስገን ትላችኋለች፤ ደስ ብሏችሁ ትተዋታላችሁ። እየጮኸች ትሞታለች፣ እናንተም አመስግና ሞተች ብላችሁ ትቀብሯታላችሁ።»

«ይህ ጆሮዎ እንቁላሉ ሲበላ የት ነበር?» አለ አቶ ደረበ።

«ሆዴ ውስጥ» አሉ ጋሽ ባንጃው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ሦስቱም በአንድነት ቢይዟትስ?» ብሎ ጠየቀ። አንጋፋው ራሱን ነቀነቀ። «እስካሁንም እኮ በሦስቱ እጅ ነበረች» አለ። «እጅም ነበራት፣ ብዕርም ነበራት፣ ጆሮም ነበራት። አንዱ ሌላው አለ እያለ ነው እዚህ ያደረሷት።»

ሽታዬ ሁሉንም ሰማች። በጎኗ ተኝታ፣ ፊቷ ወደ እነሱ ዞሮ፣ ለክፍሏ ሠራተኛ ስትመርጥ እንደነበረው አንድ በአንድ አየቻቸው። ዱሮ ቢሆን ሦስቱንም ከበሩ ትመልሳቸው ነበር። የሐሰት መዝገብ የጻፈች ነርስ በእሷ ክፍል አንድ ቀን አታድርም። ሳይገልጥ የሚፈርም ሐኪም ፊት ፊቱን ትነግረዋለች። የበሽተኛ ምግብ የበላ ዘበኛ ደግሞ በዚያው ቀን ይባረራል። የአንድ ዕድሜ ልፋት አትርፎ ያቀረበላት እነዚህን ነው፤ ውሸታም፣ ሰነፍና ሌባ። ጸጸታቸው እንኳ ደስ አላሰኛትም፤ ጸጸት የያዘው ሰው በሽተኛውን ሳይሆን ራሱን እንደሚያስታምም ብዙ ጊዜ አይታለች። ደግሞም ከእነሱ ሌላ ማንም አልመጣም።

ትርንጎ ዘንድ ከሄደች ንጹሕ ትሆናለች፤ አንሶላዋ እጥፋት አይኖረውም፤ መግል ወደ ደሟ ቢገባ ግን በዚያ በመልካም እጅ ላይ ቀስ ብላ ትሞታለች። በአቶ ደረበ ከሄደች የሚገባው ሐኪም ያያታል፤ ግን መንገዱ አለ፣ ቢላው አለ፣ ቃሏን የማይለዩ ባዕዶች መሀል መንቃት፣ ወይም አለመንቃት አለ። ከጋሽ ባንጃው ጋር ከቀረች እስክትሞት ድረስ የሚሰማት ሰው አላት፤ የሚሰማት ግን ቁስሉን ማየት አይችልም፣ ሊያነሣትም አቅም የለውም፤ እሳቸው የሚጠሯት አስታማሚም ትምጣ አትምጣ ማን ያውቃል።

አንጋፋው ሦስቱን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ጻፈ። የግራ አውራ ጣቷን በቀለም ነከረላትና ወረቀቱን ከፊቷ አቅርቦ ያዘላት። «ሲስተር፣ አፌ ይሁን የሚሉትን ይንኩልን» አላት።

ሽታዬ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ረጋ ብላ፣ «ተመስገን» አለች።

ሁሉም ወደ ጋሽ ባንጃው ዞሩ። «ምን አለች?» አላቸው አንጋፋው።

ጋሽ ባንጃው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሰምቻለሁ» አሉ። «ብነግራችሁ ታምኑኛላችሁ?»

አንጋፋው ትርንጎን አየ፤ አቶ ደረበን አየ። «እርስዎም ከሦስቱ አንዱ ነዎት» አለ። «አናምንዎትም።»

«እንግዲያው አልናገርም» አሉ ጋሽ ባንጃው። ዞር ብለውም የማያዩ ዓይኖቻቸውን ወደ ግድግዳው አደረጉ።

ጣቷ ተነሥቷል፤ ቀለሙ ሰማያዊ ነው፤ ወረቀቱን ገና አልነካም። እንግዲህ አድማጮች ሆይ፣ ሽታዬን ያጠፏትም ያዳኗትም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው፤ አንዳቸው ቢጎድሉ ኖሮ ዛሬ የምንከራከርባት ሴት አትኖርም ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ ፍረዱ፤ የሲስተር ሽታዬ አፍ መሆን የሚገባው ማን ነው? የገለጠችው እጅ፣ የጻፈው ብዕር ወይስ የሰማው ጆሮ?